ኧረ የስልጠናውን ነገር አንድ በሉት!

የስልጠና ጥሪ ደብዳቤው ሁልጊዜ የሚደርሰን በዋዜማው ነው። ነገ ጠዋት 2፡30 ላይ በአዳራሹ ተገኙ፣ መቅረት አይቻልም ይላል። ርዕሱ ወይ የግል ገንዘብ አያያዝ ነው፣ ወይ የንግድ አመራር ክህሎት፣ ወይ የትምህርት ጥራት ማሻሻያ። ጉቴ ይሁን ነቀምቴ፣ ጊምቢ ይሁን ሻምቡ፣ የወለጋ መምህር፣ ነጋዴና የወረዳ ባለሙያ ይህን ደብዳቤ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ክፍሉን ለማን እንደሚተው፣ ሱቁን ማን እንደሚጠብቅለት ሳያስብ ቦርሳውን አንስቶ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው እሄዳለሁ። አሁን ግን ደክሞኛል። መማር አይደለም የደከመኝ። የሚያንገበግበኝ ለመማር የሚጓጓን ሕዝብ ሰብስቦ ምንም ሳያስጨብጡ መስደድ ነው።

አዳራሽ ስንገባ ስማችንን እንጽፋለን። ለመገኘት እንፈርማለን፣ ለደብተርና ለእስክሪብቶ እንፈርማለን፣ ለአበል እንፈርማለን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንዳልሄድን ለማረጋገጥ እንደገና እንፈርማለን። ከዚያ አሰልጣኙ ነጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፍና "ከዚህ ስልጠና ምን ትጠብቃላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። ሰው ከልቡ ይመልሳል። ብድር የምናገኝበትን መንገድ፣ መጽሐፍ የሚደርስበትን ጊዜ፣ ዕቃችን በሰላም የሚያልፍበትን ሁኔታ፣ የመብራትን ነገር ይላል። አሰልጣኙ ሁሉንም በማርከር ይጽፈዋል። ወረቀቱ እስከ መጨረሻው ቀን ግድግዳው ላይ ይቆያል፤ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የተዘጋጀው ሌላ ነው፤ የሚነበበውም የተዘጋጀው ነው። ስልጠናው ሲያልቅ ወረቀቱን ከባዶ የውኃ ፕላስቲኮች ጋር ጠቅልላ የምታወጣው የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ያ ወረቀት የተወረወረበት ቦታ ቢፈለግ የወረዳችን ችግር በሙሉ ተጽፎ ይገኝ ነበር።

ስለ ግል ገንዘብ አያያዝ የሚሰጠውን እንየው። በየስልጠናው የሚመጣው ትምህርት አንድ ነው። ገቢህን ለሦስት ክፈል፤ 50 በመቶውን ለግድ ፍላጎት፣ 30 በመቶውን ለምትወደው ነገር፣ 20 በመቶውን ለቁጠባ አድርግ። ወገኖቼ፣ እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ በዲግሪ ሥራ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ ግብሩና የ7 በመቶው ጡረታ ሲነሣ እጁ ላይ የሚደርሰው 8,600 ብር ገደማ ነው። በስልጠናው ሒሳብ ከሄድን ለቤት ኪራይ፣ ለእህል፣ ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት የሚቀረው 4,300 ብር ነው። ነቀምቴ ላይ ቤት ተከራይቶ ልጅ የሚያሳድግ ሰው በዚህ ገንዘብ ወሩን እንዴት ይጨርስ? ለምወደው ነገር የተባለው 30 በመቶ ለዘይትና ለሳሙና ሄዷል፤ ለቁጠባ የተባለው 20 በመቶ ደግሞ ባለፈው ወር ከባለሱቁ በዱቤ ለወሰድነው ተከፍሏል። ይህን ስንናገር የምናገኘው መልስ "ወጪያችሁን መዝግቡ" የሚል ነው። መዝግበናል። መዝግበን ያገኘነው ገቢው እንደማይበቃ ነው።

ይህ የ50፣ 30፣ 20 ቀመር ዓለም ላይ የታወቀው አሜሪካዊቷ ኤሊዛቤት ዋረን ከልጃቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። እኒሁ ሴት ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው፣ እንደገና ከልጃቸው ጋር፣ ሌላ መጽሐፍ አውጥተው ነበር። የዚያ መጽሐፍ ዋና ሐሳብ የአሜሪካ ቤተሰቦች ለኪሳራ የሚዳረጉት በቅንጦት ሳይሆን በቤት ዋጋ፣ በሕክምና ወጪ፣ በሥራ ማጣትና ልጆችን ደህና ትምህርት ቤት ለማስገባት በሚደረግ ትግል መሆኑን ማሳየት ነበር። ለእኛ ግን ይህኛው አልመጣልንም። የመጣው ቀመሩ ብቻ ነው። የችግሩን ሥር ያሳዩበት መጽሐፍ ተትቶ፣ ጥፋቱን በኛ በጎስቋሎቹ ኪስ ላይ የሚያሳብበው ቁራጭ ተመርጦ ተተረጎመልን።

የቁጠባው ምክርም እንደዚሁ ነው። ቆጥቡ ይባላል፤ ባንክ አስቀምጡ ይባላል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አድርጎት ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንግዲህ ያኔ 100 ብር አስቀምጦ በዓመቱ 107 ብር ያገኘ ሰው፣ ከዓመት በፊት በ100 ብር ይገዛው የነበረውን ዕቃ ለመግዛት 130 ብር ያስፈልገው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አሥር ዓመት ጥርሱን ነክሶ የቆጠበ ሰው ገንዘቡ ምን ያህል እንደወረደ ያን ጊዜ አይቷል። ይህን ሁሉ ያየ ሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ ቁጠባ ሲያስተምሩ ስለ ዋጋ ንረት አንድ ቃል አለማንሣት ሰውን መናቅ ነው።

አንድ ጊዜ ጉቴ ላይ በተካሄደ እንዲህ ባለ የሁለት ቀን ስልጠና፣ ገበያ ላይ ቅመምና ሽንኩርት የሚቸረችሩ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ተናገሩ። "ልጄ፣ እኔ ዕቁብ እጥላለሁ፣ ዕድር ውስጥ አለሁ፣ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው። ቁጠባን ካንተ በፊት አውቀዋለሁ። እኔ የምፈልገው ዕቃዬን ዝናብ የማይመታበት ቦታና አራጣ የማያስከፍለኝ ብድር ነው፤ እሱን ብትነግረኝ" አሉት። አዳራሹ አጨበጨበ። ወጣቱ አሰልጣኝ ደነገጠ፤ "እናቴ፣ እሱ በሌላ ፕሮግራም ይታያል" አለና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። በሱ አልፈርድበትም፤ የተሰጠውን ነው ያነበበው። ግን ያ ሌላ ፕሮግራም መቼ መጣ? የዕቁብ ዳኛ ሆነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያምናቸው እናት ስለ ገንዘብ ተምረው አያውቁም ተብለው ነው እዚያ የተጠሩት። እሳቸው መድረኩ ላይ ወጥተው ዕቁብ እንዴት ሳይበተን እንደሚቆይ ቢነግሩን ከሁለቱ ቀን ስልጠና የበለጠ በጠቀመን ነበር።

የንግድ አመራሩ ስልጠና ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ራዕይ ጻፉ፣ ተልዕኮ ጻፉ፣ ጥንካሬያችሁን፣ ድክመታችሁን፣ ዕድላችሁንና ስጋታችሁን በአራት ሳጥን ሙሉ ይባላል። በቡድን ተቀምጠን ስጋት የሚለው ሳጥን ላይ ስንደርስ ሁላችንም አንድ ነገር እንጽፋለን፤ መንገድ። ነቀምቴ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ወደ ምዕራብ ጊምቢና አሶሳ፣ ወደ ደቡብ በደሌ፣ ወደ ሰሜን ቡሬ የሚያስኬዱት መንገዶች የሚገናኙት እሷ ላይ ነው። የከተማዋ ንግድ የቆመውም በነዚህ መንገዶች ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው የጸጥታ ችግር መኪና የቆመበት፣ ጭነት የተቃጠለበት፣ ሹፌር የታገተበት ጊዜ ስንት ነው? በ2012 ዓ.ም. በብዙ የወለጋ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተዘግቶ ነጋዴ ከደንበኛው ጋር መነጋገር አቅቶት ነበር። ይህን ጽፈን ስናቀርብ "ይሄ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ እናንተ ልትቀይሩት የምትችሉትን ጻፉ" እንባላለን። እናም ሰርዘን "የክህሎት ማነስ" ብለን እንጽፋለን። ሪፖርቱ ውስጥ የሚገባው ይኸኛው ነው። ከዓመት በኋላ ሌላ ስልጠና የሚያስመጣብንም ይኸው በገዛ እጃችን የጻፍነው ቃል ነው።

ብድርም እንደዚያው። የንግድ ዕቅድ አዘገጃጀት በተደጋጋሚ ሰልጥነናል። ዕቅዱን ይዞ ባንክ የሄደ ወጣት የሚጠየቀው የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ነው። የቤት ካርታ ያለው ወጣት ስንት ነው? ሰርተፍኬቱን ፕላስቲክ አልብሶ ቤቱ ውስጥ የሰቀለ፣ ግን ዶሮ ማርቢያ የሚሆን ገንዘብ ያላገኘ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። የወለጋ ቡና ለቀምት በሚል ስም በዓለም ገበያ ሲሸጥ ኖሯል። ስሙ ባሕር ተሻግሮ ሳለ የቡናው አገር ነጋዴ ግን ጆንያ የሚገዛበት ብድር አጥቶ በየስብሰባው ስለ ራዕይ ይነገረዋል።

በየስልጠናው መጨረሻ የሚመጣ አንድ ቃል አለ፤ የአመለካከት ችግር። ሥራ ያጣው ወጣት አመለካከቱ ነው ይባላል። የከሰረው ነጋዴም፣ ተማሪዎቹ የወደቁበት መምህርም አመለካከታቸው ነው ይባላል። ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ለገበያ የሚወጣ ሕዝብ ነው እኮ! ከእርሻ ውሎ ማታ የሚማር ልጅ ያለበት አገር ነው። ይህ ሕዝብ የሥራ ባህል የለህም ብሎ ከሩቅ የመጣ ሰው በማይክሮፎን ሲነግረው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ አለበት? ችግሩን ሁሉ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ካስቀመጡት መንገድ መሥራትም፣ መጽሐፍ ማተምም፣ ብድር ማመቻቸትም አያስፈልግም። ስልጠና ብቻ ይበቃል። ይህ ቃል የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ የስልጠና ጋጋታ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ዝርዝሩን በቃሉ ይወጣዋል። ቢፒአር የተባለው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፣ ሰለጠንን። ቢኤስሲ የተባለው የውጤት ምዘና መጣ፣ እንደገና ሰለጠንን። የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት መጣ፣ ተደራጅተን ሰለጠንን። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ መጣ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት ጠረጴዛ ማስተካከልና ወረቀት መለየት ሰለጠንን። ካይዘን ጃፓኖችን የጠቀማቸው ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራው ሰው "ይህ ማሽን እዚህ ቢቆም ይሻላል" ሲል አለቃው ስለሚሰማው ነው። እኛ ጋ የመጣው ግን ከላይ ወደ ታች ነው። አንዱ ቀርቶ ሌላው ሲተካ ደግሞ "ያኛው ይህን ጠቅሞናል፣ ይህን አልጠቀመንም፣ ስለዚህ ትተነዋል" ብሎ የነገረን የለም። በዝምታ ቀረ፤ አዲሱ በአዲስ ባነር መጣ።

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ የትምህርቱ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የመጣውን ውጤት ሁላችንም አይተናል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ የሆኑበት ዓመት አይተናል። እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት አገር ምን ያደርጋል? መምህሩን ከክፍል አውጥቶ ስለ ትምህርት ጥራት ያሰለጥነዋል! በትምህርት ቀን፣ በትምህርት ሰዓት። መምህሩ አዳራሽ ውስጥ ስለ ክፍለ ጊዜ ብክነት ሲነገረው ልጆቹ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ወለጋ ላይ ደግሞ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ወራት፣ አንዳንዶቹም ዓመታት ያለፉባቸው ልጆች አሉ። ለነዚህ ልጆች አንዲት ክፍለ ጊዜ ምን ያህል ውድ እንደሆነች የማያውቅ ሰው ነው የስልጠናውን ቀን የሚቆርጠው።

የሚሰጠውም ትምህርት ከክፍላችን ጋር አይገናኝም። ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ሁለት ቀን ሙሉ ከስክሪን ላይ ይነበብልናል። ተማሪዎችን በክብ አስቀምጡ ይባላል፤ በአንድ ዴስክ አራት ልጅ ተጣብቦ በሚቀመጥበት፣ በወንበሮቹ መሐል ለማለፍ በማይቻልበት ክፍል። የቡድን ሥራ ከመጽሐፉ ስጡ ይባላል፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከገባ በኋላ መጽሐፉ ለመምህሩ እንኳ በስልክ ፋይል ብቻ ደርሶት በነበረበት ጊዜ። ሞጁሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምር መምህር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሞጁል ይሰጠዋል፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተቀላቅሎ ይተረጎምለታል፣ ክፍል ሲገባ ደግሞ ራሱ እንደገና መተርጎም አለበት። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል፣ ስልጠናውም አብሮ ይጠፋል። አሰልጣኙ ያለ ስክሪኑ የሚናገረው የለውም። ጀኔሬተር እስኪገኝ ሻይ ይደገማል።

ከተማችን ነቀምቴ ግን ማስተማር ምን እንደሆነ ከድሮ ጀምሮ የምታውቅ ናት። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በባርነት ቀንበር ያለፉ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ፊደል መማሪያ አዘጋጅተው አሳተሙ፤ በ1899 የመጽሐፍ ቅዱስ የኦሮምኛ ትርጉማቸው ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው ትምህርት ቤት ከፍተው ሕዝቡን በቋንቋው አስተማሩ። ኦኔሲሞስ ክስና ክልከላ ቢደርስበትም ጥሎ አልሄደም፤ በ1931 ያረፈው እዚሁ ነቀምቴ ነው። አስተምረው አበል ፈርመው በማግስቱ አልተመለሱም። ከተማሪው ጋር ኖሩ፣ መጽሐፉን ራሳቸው አዘጋጁ፣ ያላወቀውን ቆይተው እስኪያውቅ ጠበቁት። ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደን የምናገኘው ማስተማር ዛሬ ከሚቀርብልን ለሕዝቡ የቀረበ መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

ስለ አበሉም ልናገር። ሰው የሚሄደው ለአበሉ ነው እየተባለ መምህሩና ሠራተኛው ይወቀሳል። ወር የማያደርስ ደሞዝ የሚበላ ሰው የሁለት ቀን አበል ሲመጣለት ቢደሰት ምን ያስገርማል? የልጁን ደብተር የሚገዛበት ነው። የሚወቀሰው እሱ አይደለም። ወቀሳው የሚገባው በሪፖርቱ ላይ "ይህን ያህል ሰው ሰለጠነ" ብሎ ጽፎ፣ የሰለጠነው ሰው ኑሮ ተለወጠ ወይ ብሎ ላልጠየቀው ነው። ሰው መቁጠር ቀላል ነው፤ ፊርማው አለ። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ አዳራሽ ከፍቶ ያንኑ ሰው "እንዴት ሆንክ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድም ቀን አላየንም።

የሚጠቅም ስልጠና እንደሌለ አድርጌ አላወራም። በሞባይል ገንዘብ ማስተላለፍ ሲስፋፋ ሰው በሐሰተኛ መልእክትና "የሚስጥር ቁጥርህን ንገረኝ" በሚል ስልክ ገንዘቡን ይነጠቅ ነበር። ሐሰተኛው መልእክት እንዴት እንደሚለይ፣ ለማን ወዲያው እንደሚደወል በግማሽ ቀን፣ በሕዝቡ ቋንቋ፣ በየሰው ስልክ ላይ እያሳየ ያስረዳ ወጣት ነበር። ያን ዕለት የተማሩ ሰዎች ዛሬም ጎረቤታቸውን ያስጠነቅቃሉ። የሱቅን ገንዘብ ከቤት ገንዘብ ለይቶ በሁለት ደብተር መያዝ የተማሩና በዚያ የተጠቀሙ ሴቶችም አውቃለሁ። እነዚህ ስልጠናዎች የሠሩት ሰው የጠየቀውን ስለመለሱ ነው። ባነራቸው ትንሽ ነበር፤ አንዳንዱም ባነር አልነበረውም።

የምንለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ከመጥራታችሁ በፊት ጠይቁን፤ የነገርናችሁንም ስጋት አታሰርዙን። መምህርን በትምህርት ቀን ከክፍል አታውጡት፤ ክረምት አለ፣ ቅዳሜ አለ። ስለ ብድር ልታስተምሩ ከሆነ ብድር የሚሰጠውን ሰው ይዛችሁ ኑ፣ ለምን እንደሚከለክለን እዚያው ፊታችን ይናገር። ሞጁሉን በምናስተምርበት ቋንቋ ጻፉት። ዕቁብ የሚሰበስቡትን እናት፣ በመጥፎ ዓመት ተማሪዎቹን ያሳለፈውን መምህር መድረክ ላይ አውጡ፤ እኛም እንማር፣ እናንተም ተማሩ። ለአዳራሽ፣ ለሻይ፣ ለቦርሳና ለባነር ከሚወጣው ተቀንሶ ለአንድ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቢገዛ ማንም መምህር ቅር አይለውም። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ተመለሱና ውጤቱን ጠይቁን፤ አልሠራም ካልናችሁም ስሙን። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ግን ደብዳቤውን አይላክልን። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ እየጠበቁን ነው፤ ሄደን እናስተምራቸው።